የመስኮት መጋረጃ ገመድ ለሕፃናት ሸምቀቆ እንዳይሆን

ባኮ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከደጋው ሸዋ ጋር ስትነጻጸር ሞቃት አየር ያላት ከተማ ናት። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በመስኮት ሲገባ የቤቱንና የትምህርት ክፍሉን አየር ስለሚያከብደው፣ መስኮትን መጋረድ ለኑሮም ለጤናም የሚረዳ ልማድ ነው። ከጨርቁ መጋረጃ ሌላ፣ ከቀጫጭን አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ የተሠራውና በገመድ ሲሳብ የሚወጣ የሚወርደው መጋረጃ በየቢሮውና በአንዳንድ መኖሪያ ቤት ይታያል። ዛሬ ልናስረዳ የፈለግነው ስለ መጋረጃው ውበት ሳይሆን ስለ ገመዱ ነው።

ሕፃን ልጅ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ራሱ ከባድ፣ የአንገቱ ጡንቻ ደካማ፣ የመተንፈሻ ቧንቧውም ጠባብ ነው። አልጋ ወይም ወንበር ላይ ቆሞ በገመዱ ሲጫወት አንገቱ ቢገባበትና እግሩ ቢያዳልጠው፣ የገዛ ክብደቱ ሸምቀቆውን ያጠብቀዋል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ስለሚታገድ በሰኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ በጥቂት ደቂቃም ሊሞት ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ጉሮሮው ስለ ተያዘ መጮኽ አለመቻሉ ነው። እናቲቱ በሚቀጥለው ክፍል ቡና እየቆላች ምንም ላትሰማ ትችላለች።

ይህ አደጋ በብዙ አገር ታውቋል። የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን እንደ ገለጸው፣ በዚያ አገር 5 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆናቸው ሕፃናት በአማካይ 9 ያህሉ በየዓመቱ በመጋረጃ ገመድ ታንቀው ሞተዋል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ በመደብር ተዘጋጅተው የሚሸጡት መጋረጃዎች ገመድ አልባ፣ ወይም ገመዳቸው ሕፃን የማይደርስበት፣ ወይም እጅግ አጭር እንዲሆን በአሠራር ደረጃው ተወሰነ። ሆኖም አሮጌው መጋረጃ ብዙ ዘመን ስለሚያገለግል፣ አደጋው በየቤቱ ተሰቅሎ ይቈያል።

በእኛ ዘንድ ችግሩን የሚያብሰው ጥገናው ነው። በጤና ጉብኝት በአንድ ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። የመጋረጃው ሁለት ገመዶች ጫፍ በትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ተያይዞ ነበር። መያዣው ክብደት ሲያርፍበት እንዲላቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን መላቀቁን እንደ ብልሽት ቈጥረው፣ ገመዶቹን በጠንካራ ሲባጎ ቋጥረዋቸዋል። ከሥሩ የሕፃን አልጋ ነበር። ገንዘብ ለመቈጠብ የተቋጠረችው ያች ቋጠሮ፣ ሕይወት እንድታድን የተሠራችውን ዕቃ ወደ ሸምቀቆ ለውጣት ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ/ የሕፃን አልጋ፣ ወንበርና ሣጥን ከመስኮት ሥር ይነሣ።

2ኛ/ የሚንጠለጠለው ገመድ ይጠር፤ የተረፈውም ከወለል ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ በተመታ ማሰሪያ ይጠምጠም።

3ኛ/ ዙሪያውን የሚሽከረከር ገመድ ወይም ባለዶቃ ሰንሰለት ከሆነ፣ ወጥሮ በሚይዝ ዕቃ ከግድግዳ ጋር ይጣበቅ።

4ኛ/ የተሰበረ መያዣ በዓይነቱ መለዋወጫ ይተካ እንጂ አይቋጠር። መለዋወጫው ካልተገኘ ገመዱን ፈትቶ መጋረጃውን በጨርቅ መተካት ይሻላል።

ወባ በሚያሰጋበት በእንዲህ ያለው አገር፣ ይኸው ደንብ ለአጎበር ማሰሪያም ያገለግላል። አጎበሩን ከቶ አንተወው፤ ነገር ግን የማሰሪያውን ትርፍ ጫፍ ቈርጠን እንጣል እንጂ ከልጅ አልጋ በላይ ተንጠልጥሎ አይቅር።

አደጋ ከደረሰ ልጁን ወዲያው ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ ገመዱን መፍታት ወይም መቍረጥ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። እስትንፋሱ ከቆመ፣ በመንገድም ቢሆን ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን አይቋረጥ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ነገ ጧት ክፍላችሁን ስትከፍቱ አስቀድማችሁ ወደ መስኮቱ ተመልከቱ፤ ለተማሪዎቻችሁም ንገሯቸው፤ ታናናሾቻቸው ያሉት በቤት ነውና። ገመድ ለማሳጠር የሚያስፈልገው መቀስና የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።