የአሜሪካ ሕዝብ የመሠረት ቃልና ኰሎኔል ሮቢንሰን

በቦሌ የአውሮፕላን ጣቢያ የሚያልፍ መንገደኛ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ረዳው ሰምቶ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1927 ዓ.ም. ጆን ሮቢንሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ኢትዮጵያን ሊረዱ በፈቃዳቸው መጥተው ነበር።

አሜሪካውያን በፈረንጅ ቁጥር በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ፥ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩን የመንግሥታቸው መሠረት አደረጉ። ቃሉን የጻፉት ቶማስ ጀፈርሰን ግን ባለ ባሮች ነበሩ፤ ባርነትም በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በተነፈጉት ሰዎች ልብ አልሞተም።

ሮቢንሰን በቺካጎ ስለ ጥቁረታቸው የበረራ ትምህርት ተከልክለው፥ በዚያው ትምህርት ቤት ጠራጊ ሆነው ገቡ፤ በኋላም ተማሩ። በአገራቸው ያላገኙትን ሹመት ያገኙት በኢትዮጵያ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የአየር ኃይል አዛዥ ሆኑ። ከድሉ በኋላ ተመልሰው አብራሪዎችን ሲያሠለጥኑ ቆዩ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስለው በአዲስ አበባ ዐረፉ።