ለኋላው ወንበር የደረሰ ሥዕል

አንባቢ ሆይ፤ ስልሳ ተማሪዎች በታጨቁበት ክፍል ተምረው እንደ ሆነ፥ መምህሩ የሎሚ ጭማቂ ያስነካው ሊትመስ ወረቀት ሲቀላ የፊተኞቹ «እሰይ!» እያሉ፥ የኋለኞቹ ግን የጓደኞቻቸውን ማጅራት ብቻ ማየታቸውን አይረሱትም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከኋለኞቹ ነበርሁ። አስተማሪ ከሆንሁ ወዲህ ይኸው ነገር ያሳፍረኝ ጀመር።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከክብሪት ሳጥን በምታንስ፥ ኢኤስፒ32-ካም በምትባል ቦርድ ነው። ካሜራው፥ ትንሹ ኮምፒዩተርና የዋይፋይ አንቴናው ሁሉ በእርስዋ ላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ሥዕል ከካሜራ ወደ ስልክ እንዲሄድ ካርድ ሞልቶ ኢንተርኔት መግዛት ግድ ይመስለዋል። ስሕተት ነው! ቦርዷ በፕሮግራም ከታዘዘች የራስዋን ዋይፋይ ትዘረጋለች። ስልክዎን ከዚያ አገናኝተው በብራውዘሩ ላይ 192.168.4.1 ብለው ቢጽፉ፥ ሥዕሉ ከክፍሉ ሳይወጣ ይደርስዎታል። ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እዚያው ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ቦርዷም አከታትላ ትልካለች፤ ዓይናችን እንደ ሲኒማ ያየዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች የቡና ማፍያቸው ባዶ ይሁን ሙሉ ከየወንበራቸው ለማየት ካሜራ ደግነውበት ነበር። (በቡና የመጣ ነገር ነውና እኛ አንፈርድባቸውም።)

የእኔ የመጀመሪያ ቀን ግን ውርደት ነበር። ቦርዷን በቀጭን ሽቦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ብሰካት፥ ዋይፋዩ በተነሣ ቁጥር ኃይል እያጠራት ትጠፋና ትነሣ ጀመር፤ ልጆቹ ሳቁ። በማግሥቱ በደኅና የ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ቀናች። ስልክ የያዙትን ሁሉ «ክፈቱ» ብል ግን ያየው አንድ ልጅ ብቻ ሆነ። ለካ ለልምምድ የተዘጋጀው ፕሮግራም ተንቀሳቃሹን ሥዕል በአንድ ጊዜ ለአንድ ተመልካች ብቻ ኖሯል የሚልከው! ስለዚህ ያን አንድ ተመልካች ላፕቶፔን አደረግሁና በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየሁ።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። ይህ ፕሮግራም የሚያየው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ከዋይፋዩ የገባና አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ያያል። ዋይፋዩን በይለፍ ቃል ይዝጉት። እኔ ካሜራዋን ወደ ጠረጴዛው እንጂ ወደ ልጆቹ ፊት አዙሬያት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሊትመሱን ሎሚ ሳስነካው በመጀመሪያ «ቀላ!» ብሎ የጮኸው ከመጨረሻው ወንበር ነው።