በኅብረት የሚፈለግ ጥበብ

አዲስ ጥበብን መርምሮ ማግኘት ብዙ ገንዘብና ረጅም ዘመን የሚጠይቅ፤ ፍሬውም አስቀድሞ የማይታወቅ ስለ ሆነ፤ ነጋዴ ብቻውን ሊደፍረው ይሰጋል። መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ቢረዳው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚለካው በአሰጣጡ ሥርዓት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት በገበያ የሚፎካከሩትን ፉጂትሱን፣ ሂታቺን፣ ሚትሱቢሺን፣ ኤንኢሲንና ቶሺባን በአንድ ማኅበር ሰብስቦ፤ የኮምፒዩተር ልብ የሆነውን ቺፕ አርቅቆ የመሥራት ዘዴ በኅብረት እንዲመረምሩ አደረገ። መንግሥት ከወጪው ግማሽ የማይሞላውን ሲረዳ የቀረውን እነርሱ ከፈሉ። ለሁሉ የሚጠቅመውን መሠረት በአንድነት ከመረመሩ በኋላ፤ እያንዳንዱ ዕቃውን በየፋብሪካው ለብቻው ስለ ሠራ ፉክክሩ አልጠፋም። ብዙ ዓመታትም ሳያልፉ ጃፓኖች በማስታወሻ ቺፕ ገበያ አሜሪካን ቀደሙ።

አሜሪካም በ1987 ዓ.ም. 14 ኩባንያዎች ያሉበት ሴማቴክ የተባለ ማኅበር ሲቋቋም ከወጪው ግማሽ ያህሉን ቻለች፤ ማኅበሩም በ1994 ዓ.ም. ከ1996 በኋላ የመንግሥት ገንዘብ እንደማይፈልግ አስታወቀ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ የሕዝብን ገንዘብ የሚያድል ሹም፤ ተቀባዩ የራሱን ድርሻ ማዋጣቱን፤ ከባልንጀራው ጋር መተባበሩንና ርዳታው የሚያበቃበት ቀን መወሰኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ይህ ካልሆነ ርዳታው የጥበብ ዘር መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ድርጎ ይሆናል።