አሸዋው የሁሉም፣ የመኪና ማቆሚያው የከተማው

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሚነሳ የቆየ ክርክር አለ። ባሕሩ የሕዝብ ነው፤ ወደ ባሕሩ የሚያደርሰው መንገድና መኪና የሚቆምበት ቦታስ?

የባሕር ዳርቻ የጋራ ሀብት ነው የሚለው መርህ ከጥንቱ የሮማ ሕግ የወረደ ነው። (በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም የባሕር ዳርቻን ከሕዝብ ንብረቶች ተርታ ይቆጥራል፤ ዛሬ ባሕሩ ባይኖረንም።) በአብዛኞቹ የአሜሪካ ጠረፋማ ግዛቶች የባሕሩ ሙላት በአማካይ ከሚደርስበት መስመር በታች ያለው እርጥብ አሸዋ የሕዝብ ሲሆን፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ደረቅ አሸዋ የግለሰብ ወይም የማዘጋጃ ቤት ሊሆን ይችላል። እርጥቡ ላይ ለመድረስ ደግሞ ደረቁን ማለፍ ግድ ነው።

ኮነቲከት ውስጥ የምትገኘው ግሪኒች ግሪኒች ፖይንት የተባለውን መናፈሻና ዳርቻ ለነዋሪዎቿና ለእንግዶቻቸው ብቻ ለይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ብሬንደን ሌይደን የተባለ የሕግ ተማሪ ለሩጫ ሲመጣ ነዋሪ አይደለህም ተብሎ ከበር ተመለሰና ከተማዋን ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 መናፈሻው ሰዎች ሐሳባቸውን የሚገልጹበት የሕዝብ መድረክ በመሆኑ የውጭ ሰው መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ፈረደለት። በሩ ተከፈተ። ከተማዋ ግን ለውጭ ሰው የመግቢያና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ አወጣች፤ ትኬቱም ከበሩ ላይ ሳይሆን ከከተማው መሥሪያ ቤት ተገዝቶ እንዲመጣ አደረገች። ቅዳሜ ረፋድ ልጆቹን ጭኖ ለደረሰ ሰው ይህ ከተቆለፈ በር በምን ይለያል?

ክፍያው በራሱ ነውር አይደለም። የዋናተኞች ሕይወት አድን ሠራተኛ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ቆሻሻ ማንሳት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ሁሉንም የአካባቢው ግብር ከፋይ ይቻለው ማለትም ፍትሐዊ አይሆንም። በዚህ ረገድ ኒው ጀርሲ የተሻለ መልስ ያላት ይመስለናል። እዚያ በብዙዎቹ ከተሞች ወደ አሸዋው የሚገባ ሰው ባጅ ይገዛል፤ ሆኖም የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 አቨን ባይ ዘ ሲ በተባለችው ከተማ ላይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት ነዋሪውና እንግዳው እኩል ይስተናገዳሉ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም።

ካሊፎርኒያ ደግሞ የመኪና ማቆሚያውን ጉዳይ ከዳርቻው ጋር አያይዛዋለች። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ መሠረት አንድ ከተማ በዳርቻው አጠገብ ማቆሚያ ልገድብ ወይም ላስከፍል ሲል፣ እርምጃው ሕዝቡ ወደ ባሕሩ የሚደርስበትን ዕድል የሚያጠብ ከሆነ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ማሊቡ ላይ ግን አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ከደጃቸው መኪና እንዳይቆም የሐሰት ጋራዥ በር እስከ መግጠም ደርሰዋል።