የጉሎ ሐር ትልን ከጉንዳንና ከበሽታ ስለ መጠበቅ

የጉሎ ሐር ትል ከተፈለፈለ በኋላ ሐሩን መጠምጠም እስኪጀምር ድረስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቅጠል ይመገባል። ይህ ሁሉ ድካም ግን ጉንዳን በገባበት በአንድ ሌሊት ከንቱ ሊቀር ይችላል። ጉንዳኑን በመርዝ እናጥፋ ቢባል የሐር ትሉም ከነፍሳት ወገን በመሆኑ አብሮ ያልቃል። ስለሆነም አርቢዎች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1. የመደርደሪያውን እግሮች ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ማቆም፤ መደርደሪያውንም ከግድግዳ ማራቅ።

2. ጤዛው የደረቀለትን ቅጠል መስጠት፤ እርጥብ ቅጠል በሽታ ያመጣል። ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ፈጽሞ አይሰጥም።

3. ትሉ ቆዳውን ለመለወጥ 4 ጊዜ ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ አለመመገብና አለመንካት።

4. ኩሱንና ትራፊ ቅጠሉን በየዕለቱ መጥረግ፤ የጠቆረ ወይም የለሰለሰ ትል ሲታይ ለቅሞ መቅበርና እጅን በሳሙና መታጠብ።

የታመመ ትል አይድንም፤ መከላከያው ንጽሕና ነው።