ውኃው ታሽጓል፤ ጡጦውስ?

ባለፈው ክረምት የዘጠኝ ወር የልጅ ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ሰርጎድ ብሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ሳየው ደነገጥኩ። ልጄ ግራ ተጋብታ፣ «እማዬ፣ እኔኮ ከታሸገ ውኃ ሌላ አስቀምሼው አላውቅም» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ኦአርኤስ እየጠጣ አገገመ።

ስንመለስ ወጥ ቤት ገባሁ። ለካ ጡጦው የሚታጠበው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ተሞልቶ ቀናት ከቆየ በርሜል፣ በጣሳ እየተጨለፈ ነው!

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የአዲስ አበባ ውኃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚለቀቀው። ነገር ግን መንገድ ላይ በተሰበረ ቧንቧ፣ ቤት ውስጥም በጀሪካንና በበርሜል ሊበከል ይችላል። የታሸገውም ቢሆን ባልጸዳ ጡጦ ከተቀዳ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለሕፃን የሚሆነውን የቧንቧ ውኃ አፍሉት። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡት፤ ቅዱት እንጂ አትጭለፉት። ጡጦውንም ቀቅሉት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ልጄ ዛሬም የታሸገ ውኃ ትገዛለች፤ አልከለከልኳትም። በርሜሉ ግን መክደኛና ቧንቧ ተገጥሞለታል፤ ጣሳውም ተጥሏል።