የጆሮ መግል አጥንት ላይ የጻፈው ታሪክ

የልጅ ጆሮ መግል ሲያወጣ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ማለፍ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሕመሙ ግን ከጆሮ አልፎ አጥንት የሚበላ መሆኑን፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የሞቱ ሰዎች የራስ ቅል ይመሰክራል።

ከጆሯችን ኋላ በጣት ስንነካው ጉብ ብሎ የሚሰማን አጥንት ማስቶይድ ይባላል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ሲሆን ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ይገናኛል። በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ መግል መውጫ ሲያጣ ወደዚህ አጥንት ገብቶ ይቦረቡረዋል። ሥጋው አፈር ቢሆንም ቡርቡሩ አይጠፋም።

በ2018 እ.ኤ.አ በሰሜን ስፔን፣ ቡርጎስ አካባቢ፣ ኤል ፔንዶን ከሚባል የጥንት የድንጋይ መቃብር አንድ የራስ ቅል ተገኘ። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ ይፋ ሆነ። ቅሉ ከ5,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረች፣ ለዘመኑ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ነው። ከሁለቱም ጆሮዎቿ ኋላ አጥንቱ ተከፍቷል፤ በግራ በኩል የስለት ጭረቶች ይታያሉ። ተመራማሪዎቹ የጆሮ ኢንፌክሽንን ለማከም የተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው ብለዋል፤ እስካሁን ከታወቁት የጆሮ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነም ገልጸዋል። የተቆረጠው አጥንት መልሶ ማደጉ ደግሞ ሴትየዋ ከዚያ በኋላ በሕይወት መቆየቷን ያሳያል።

አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን ሰው የራስ ቅሉን እስከማስከፈት የደረሰው ሕመሙ ቢበረታ ነው። መግሉ በጊዜ ካልታከመ ዛሬም አደጋው ያው ነው። ማስቶይድን ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ስለሆነ፣ ኢንፌክሽኑ ተሻግሮ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን እናስተውል፦

• ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ቀናት ሳይቆጠሩ ይታከም። ፈሳሹ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሕመሙ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

• ከጆሮ ኋላ እብጠትና ሕመም ከታየ፣ ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

• ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨመር።

• ፋርማሲ መጥተው «የጆሮ ጠብታ ስጡን» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ግን አንዳንድ ጠብታዎች የመስማት ችሎታን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ ጆሮው በሐኪም ይታይ።

• የታዘዘ አንቲባዮቲክ ሕመሙ ስለቀለለ ብቻ አይቋረጥ።

ያቺ ሴት የራስ ቅሏን ያስከፈተችበት ሕመም ዛሬ በአብዛኛው በጊዜው በተወሰደ መድኃኒት ይድናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቶሎ መታከማችን ነው።